ስምንተኛው ጋሪ

እኔ ኢንቨስተር ነኝ። ይህን ስል የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ቢቸና ላይ ጡረታ የወጣሁ፣ ጉልበቴን የሚያመኝ፣ ነገር ቶሎ የሚያናድደኝ ሴት ነኝ፤ ግን የአክሲዮን ወረቀቴን ከዳዊቴ ጋር በአንድ ጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። ወረቀቱ የቅንጦት ጋሪ ፋብሪካ ባለድርሻ መሆኔን ይመሰክራል። ፋብሪካ የምንለው እኛ ባለአክሲዮኖቹ ነን እንጂ የቀረው ሰው በያጅ ቤት ነው የሚለው።

ነገሩ የተጀመረው ቤንዚን በጠፋበት ሰሞን ነው። ባጃጆቹ ማደያው ደጃፍ ተሰልፈው ውለው ሲያድሩ፣ የተረሳው ጋሪ ተመልሶ የመንገዱ ጌታ ሆነ። ከተማችን ውስጥ ደግሞ አንድ እጁ የተባረከ በያጅ አለ፤ የግቢ በር ቢሉት፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ቢሉት የማይሠራው የለም። እሱ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን አጸዱ ሥር ቁጭ ብለን ሳለ፣ «ጋሪ ዘመኑ ከመጣለት አይቀር፣ ሰው ለምን ጣውላ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል? መኪና የሚያስንቅ ጋሪ እንሥራ!» አለን። የስፖንጅ መቀመጫ፣ ንዝረት የሚያበርድ የመኪና ባሌስትራ፣ ጣሪያ፣ መጋረጃ እያለ በጣቱ አየር ላይ ሣለልን። አፉ ይጣፍጣል። ብዙም ሳይቆይ አክሲዮን ገዝተን፣ ማኅተም አስቀርጸን፣ እሱን ሥራ አስኪያጅ አድርገን ኢንቨስተሮች ሆነን አረፍነው።

ያኔ የሠራቸውን ጋሪዎች ያላየ ሰው ብዙ ቀርቶበታል። ጎናቸው ወርቅማ ቀለም የተቀባ፣ ግራና ቀኛቸው መስተዋት፣ መጋረጃቸው ባለዘርፍ፣ ጎማቸው ከጭነት መኪና የተወሰደ። ከፍታቸው ግን ለጉድ ነበር። ወለላቸው የሰው ደረት ጋ ይደርሳል፤ ለመውጣት ወይ ወጣት መሆን ወይ መሰላል መያዝ ያስፈልጋል። በያጁን ብንጠይቀው «የሚከበረው ከፍ ያለ ነገር ነው» ይለናል። አንዱን ጋሪ የሆቴል ባለቤት ገዝቶ ደጃፉ ላይ አቆመው፤ ሰው ፎቶ ይነሣበታል፣ ፈረስ ግን ታስሮበት አያውቅም። የቀሩት ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተደርድረው አቧራ ጠጡ። እኛም በየዓመቱ ለጠቅላላ ጉባኤ እንሰበሰባለን፣ ለስላሳ እንጠጣለን፣ ትርፍ የሚባል ነገር ሳናይ እንበተናለን። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

በአንዱ ጉባኤ ላይ እህል ነጋዴው ተነሣ። ከሁላችንም ብዙ አክሲዮን ያለው እሱ ነው፤ ድምፁም የአክሲዮኑን ያህል ነው። «ወገኖቼ፣ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ! አሁን ይበቃናል። ግቢውን እንሽጠው። እኔ ራሴ ለጤፍ መጋዘን እፈልገዋለሁ» አለ። በያጁ አንገቱን ደፋ። ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቁመው በመስኮት ያዩናል።

እኔ የምናገረው ነገር ሲገባኝ ሳይሆን ሲያናድደኝ ነው። ጉልበቴን ይዤ ተነሣሁና፣ «ጋሪው ምን አጠፋ? ያጣነው የሚመራው ሰው ነው። ሞጣ ላይ ሳስተምር ተማሪዬ የነበረች ልጅ አለች። የብረታ ብረት ሙያ ተምራ ዛሬ ለሌላው ታስተምራለች። እሷን እናምጣና አንድ ዓመት እንስጣት። ካልሆነላት ያን ጊዜ ግቢውን ሽጡት፣ እኔም አፌን እዘጋለሁ» አልኩ።

«ከሞጣ?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ቢቸና ላይ ሰው ጠፍቶ ማለቱ ነው።

«ዋሷስ ማን ነው?» አለ ነጋዴው።

«እኔ ነኛ!»

ልጅቷ ቃሌን አምና ቋሚ ሥራዋን ለቀቀች፤ ዕቃዋን በአንድ ሻንጣ ይዛ መጣች። ከዚያ በኋላ ነው ያልኩት ነገር ትርጉሙ የገባኝ። ካልተሳካ ፋብሪካው ይዘጋል፣ እሷ ሥራ የላትም፣ እኔ ደግሞ ቢቸና ላይ ቀና ብዬ የምሄድበት መንገድ የለኝም። ለሁላችንም የቀረን አንድ ዓመት ብቻ ነበር።

አዲሷ ሥራ አስኪያጅ በመጣች ቀን ንግግር ታደርጋለች ብለን ስንጠብቅ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ባለወርቁን ጋሪ ስታየው ዋለች። በማግሥቱ እኔን አስጠራችኝ።

«ቲቸር፣ እስቲ እባክዎ ይውጡበት።»

«እኔ? ይኸን ጉልበት ይዤ?»

«ስለያዙት እኮ ነው።»

ሞከርኩ። አንድ እግሬን ሰቅዬ ሌላው አልከተለኝ አለ፤ ነጠላዬ መስተዋቱን ያዘውና ግማሽ መንገድ ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ሠራተኞቹ ደግፈው እስኪያወርዱኝ ድረስ ለአስተማሪ የማይገባ ቃል ሁሉ ከአፌ ወጣ። እሷ ግን አልሳቀችም። ተንበርክካ፣ ሜትሯን ዘርግታ፣ ከመሬት እስከ ጉልበቴ ለካች።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ በሳምንት ሁለት ቀን እየሄድኩ ወጣሁ፣ ወረድኩ። እግሬ ሥር ጡብ ትደራርባለች፣ ታነሣለች፣ ጣውላ ታስገባለች። «እዚህ ላይ ያምዎታል? እዚህስ? ሲወርዱስ?» ትላለች። ስዋሽ ታውቅብኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈትን ኖሬ በስተርጅና ተፈታኝ ሆንኩ። የመጣው ጋሪ ሌላ ነበር። ጎማው አነስ፣ ወለሉ ዝቅ ያለ፣ ከኋላው ሰፊ መርገጫ፣ ከመርገጫው አጠገብ እጅ የሚይዘው ብረት። ወርቁ ተፋቀና ጥቁር አረንጓዴ ተቀባ፤ መስተዋቱና ዘርፉ ሄደ።

በያጁ ሲያየው፣ «ሥራዬን ላጨችው!» ብሎ አኩርፎ ሳምንት ቀረ። እሷ ቤቱ ድረስ ሄዳ፣ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ባሌስትራውን ያለ እርስዎ የሚያስተካክለው የለም፤ ጋሪው ያነጥራል፤ ይምጡልኝ» አለችው። እውነቷን ነበር፤ ጋሪው ያነጥር ነበር። እያጉረመረመ መጣና በሁለት ቀን አለሰለሰው። ከዚያ ወዲያ የጎደለ ነገር ሲያይ ማንም ሳይጠይቀው ነው የሚያቃናው።

የኢንቨስተሮቹን አስተያየት ለመስማት የሚፈልግ ሰው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጸዱ ሥር ይምጣ። ያኔ ሁሉም የጋሪ ሊቅ ሆኖ ነበር። ነጋዴው፣ «ዝቅ ያለ ጋሪ የሚገዛው ዝቅ ያለ ሰው ነው» ይላል። አንዱ፣ ቀለሙ የትምህርት ቤት በር ይመስላል ይላል። ሌላው የሞጣ ሰው ድሮም ጌጥ አያውቅም ብሎ እኔን በክርኑ ይጎሽመኛል። ባለአክሲዮን ከሆኑት አንዱ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው፤ እሳቸው ጺማቸውን እያሻሹ፣ «ትሕትና መልካም ነው፤ ለጋሪም ቢሆን» አሉ። እኔ ሁሉንም በየተራው እየተከራከርኩ ቤቴ የምገባው ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር።

መከራከሩስ ቀላል ነው። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ፤ አንድም ትዕዛዝ አልመጣም። ልጅቷ እየከሳች ሄደች። «ሰው አይቶት ስለማያውቅ ነው» ትላለች። እኔ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

አሁን የምናገረውን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ የነገርኩት ዘግይቼ ነው። ሞጣ የተዳረች ታናሽ እህት አለችኝ። ደወልኩላትና፣ «አንድ ጋሪ እዘዢ፤ በራስሽ ስም» አልኳት።

«እትዬ፣ እኔ ፈረስ የለኝም እኮ!»

«ፈረስ ማን ጠየቀሽ? ክፍያውን እኔ እልክልሻለሁ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

ቤቴን ላድስበት ያስቀመጥኩትን ላክሁላት። እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ቃሌን አትተላለፍም፤ አዘዘች። ሥራ አስኪያጇ ትዕዛዙን ይዛ ስትመጣ ፊቷ በርቶ ነበር፤ እኔም እንደማያውቅ ሰው «እሰይ! የት አገር ሰው ነው?» አልኳት።

የሚገርመው የሚቀጥለው ነው። በሳምንቱ ሌላ ትዕዛዝ መጣ። ከዚያ ሌላ። ኅዳር ሳይወጣ ሰባት ሞሉ፤ ሰባቱም ከሞጣ። አጸዱ ሥር አስተያየቱ ሁሉ ተገለበጠ። ነጋዴው፣ «የሞጣን ገበያ እኔ ድሮ ነው የማውቀው፤ ልጅቷ ብልህ ናት» ማለት ጀመረ። መሪጌታም ትሕትና መልካም ነው ያልኩት ለዚሁ ነበር አሉ። እኔ በሆዴ፣ አንድ ሰው መጀመር ነበረበት፣ ጀማሪዋም እኔ ነኝ ብዬ ኮራሁ። ኩራቱ ታኅሣሥ ድረስ ቆየልኝ።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ሰላም በሆነ ሳምንት ጎማቸውን አውልቀን ሰባቱን ጋሪ በጭነት መኪና ጫንን። እኔ እህቴን ልጠይቅ በሚል ሰበብ ከሥራ አስኪያጇ ጋር ገቢና ተቀመጥኩ። ጉንደ ወይን ላይ ሻይ ስንጠጣ ሰው መኪናውን እየዞረ አየ። «ምንድን ነው?» ይላሉ። «የሞጣ ሰው ያዘዘው ነው» ትላለች በኩራት። እኔ ሻዬን እፍ እላለሁ።

መጀመሪያ የደረስነው እህቴ ቤት ነው። እህቴ ተዋናይ አይደለችም። ገና መኪናው ሳይቆም፣ «ውይ! ያ ያዘዝኩት ጋሪ መጣ! ስጠብቀው ነበር! እንዴት ያምራል!» እያለች ጮኸች፤ ጋሪው ገና ሸራ ሥር ነው። በዓይኔ ገሠጽኳት። አውርደን፣ ገጣጥመን፣ ሄድን።

ሁለተኛው ቤት አንዲት ወይዘሮ በሩን ከፈተችና፣ «ይኸ ነው እንዴ አባባ የላከው?» አለች። አባቷ እህል ነጋዴው ነው። ሦስተኛው ቤት አንድ ዲያቆን ግራ ተጋብቶ፣ «አጎቴ አንድ ዕቃ ይመጣል፣ ዝም ብለህ ተቀበል ብሎኛል፤ ዕቃው ይኸን ያህላል አላለኝም» አለ። አጎቱ መሪጌታ ናቸው። አራተኛው ቤት የበያጁ የሚስቱ እኅት ናት። እዚያ ግቢ ውስጥ አንድ አህያ ነበረች፤ ጋሪውን አየችና ወደ ኋላ አፈገፈገች። እንዲህ እያልን ሰባቱንም ቤት አዳረስን። ሰባቱም ቤት የቢቸና ባለአክሲዮን ዘመድ ነው፤ ሰባቱም ቤት ፈረስ የለም።

ከእኔ ሌላ ይህን ያደረገ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አጸዱ ሥር እርስ በርስ እየተከራከርን፣ እያንዳንዳችን ቤታችን ገብተን ስልክ ስንደውል ኖረናል። እኛው ሻጭ፣ እኛው ገዢ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ዞር ብዬ ፊቷን ሳይ ግን ሳቁን ተውኩት።

ስንመለስ ጉንደ ወይንን ካለፍን በኋላ፣ «ቲቸር፣ እርስዎም ነዎት አይደል?» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«እህትዎ ስታዝ መርገጫው ለሚያም ጉልበት የሚመች ይሁንልኝ አለችኝ። እህትዎን ከሞጣ አውቃታለሁ፤ ገና ገመድ ትዘላለች። የእርስዎን ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነበር። የስድስቱን ግን አላወቅኩም። ጋሪውን ሰው የወደደልኝ መስሎኝ ነበር» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ ያደረግኩት ነገር ደግነት ይመስለኝ ነበር። ያን የመሰለች ባለሙያ እንደ ሕፃን ስናባብላት እንደከረምን ያኔ ገባኝ፤ አፈርኩ። በይቅርታ ፈንታ ከቦርሳዬ ዳቦ አውጥቼ ሰጠኋት። ግማሹን ቆርሳ መለሰችልኝ።

«ከፋሲካ በኋላ ጉባኤው ሲሰበሰብ እኔው እነግራቸዋለሁ» አለች። «ሰባት ጋሪ ሸጥን ብዬ አልዋሽም። አንድም አልሸጥንም።»

«እንዳልሽ ይሁን። ቢዘጉትም ይዝጉት» አልኳት።

እስከ ፋሲካ ድረስ እህቴ ስለ ጋሪዬ ወሬ ትነግረኝ ነበር። «እትዬ፣ ዶሮዎቹ ስፖንጁ ላይ እንቁላል መጣል ጀመሩ፤ ከቆጡ ይልቅ ወደውታል» ትለኛለች። ጥር ላይ ጎረቤቷ ፈረስ ተውሶ ሙሽራ አመላለሰበት። ሌላ ቀን፣ «አንዲት የማላውቃቸው እናት ግቢ ገብተው ጋሪውን ሲያዩ ቆዩና ወጥተው ወርደውበት ሄዱ» አለችኝ። እኔ ልብም አላልኩት፤ ጭንቀቴ ሌላ ነበር።

ጉባኤው ደረሰ። ወንበሩ በፋብሪካው ግቢ ተደረደረ፤ ለስላሳው መጣ። ነጋዴው ደረቱን ነፍቶ፣ «እንግዲህ የሞጣ ገበያ እንዴት እንደሞቀ ሥራ አስኪያጃችን ትንገረን» አለ። ተነሣች። ወረቀት አልያዘችም።

«ሞጣ ሄጄ ሰባቱንም ቤት አየሁ። ፈረስ ያለው የለም። ያዘዛችሁት እናንተው ናችሁ።»

አንዱ ባርኔጣውን አወለቀና መልሶ አደረገ። ሌላው የጠርሙሱን ክዳን ይመረምራል። መጀመሪያ የተነሣው በያጁ ነው፤ ወርቁን ያስፋቀችበት ሰውዬ። «እኔስ ልጅቷ አፍራ እንዳትሄድ ብዬ ነው» አለ።

መሪጌታ ቀጠሉ፤ «እኔ ደግሞ አስተማሪዋ ዋስ ሆና አፏ እንዳይያዝ ብዬ ነው» አሉና በጣታቸው እኔን አመለከቱ። እኔ መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ።

«እኔማ ለልጄ ስጦታ...» ብሎ ጀመረ ነጋዴው። ሁላችንም አየነው። «እሺ! እኔም አዝኜ ነው!» አለ።

መጋዘኑን ሲመኝ የኖረው ሰውዬ ራሱ! ሳቁ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው ተዛመተ፤ ስቀን ስቀን እንባችን መጣ። ነጋዴውም ስቆ ሲጨርስ ፊቱን ጠረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን ወገኖቼ፣ ፋብሪካ በሐዘኔታ አይቆምም። ገዢ የለንም ማለት ነው። ቃላችን አንድ ዓመት ነበር፤ ዓመቱ ሞላ» አለ። እውነቱን ነበር።

«አንድ ትዕዛዝ አለ» አለች ልጅቷ። «ስምንተኛ። ከሞጣ።»

ሁሉም ዞሮ ጎረቤቱን አየ። «ተናዘዙ!» አለ ነጋዴው። «የማነው? ይበቃል እኮ!» ሰው ሁሉ በእመቤቴ፣ በጊዮርጊስ እያለ ማለ። ሁሉም ወደ እኔ አፈጠጠ፤ እኔም ማልኩ።

«ሰውየው ራሱ መጥቷል፤ በር ላይ ነው» አለች።

ጋቢ የለበሰ፣ ጫማው ጭቃ የነካው ጎልማሳ ገባና ያን ሁሉ ዓይን ሲያይ ቆመ።

«ፈረስ አለህ?» አለው ነጋዴው፣ ደኅና ዋልክ እንኳ ሳይለው።

«ሁለት አሉኝ።»

ግቢው አጉረመረመ። ነጋዴው ግን አላመነም። «የማን ልጅ ነህ? መሪጌታ፣ ይቁጠሩልን!»

በአገራችን ሰው ሊጋባ ሲል እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል፤ በሰባት ቤት ውስጥ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው። ለብዙ ሙሽሮች የቆጠሩት መሪጌታ ናቸው፤ የቢቸናን ዘር በቃላቸው ይዘውታል። ሰውየውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ አባትህ ማን ይባላል፣ የአባትህ እናትስ ከየት መጣች እያሉ ጀመሩ። እሱም ይመልሳል። መሐል ላይ ግራ ገብቶት፣ «ይኸ ነገር ጋሪ ለሚገዛ ሁሉ ነው?» አለ።

«ለሁሉም ነው» አልኩት ቆፍጠን ብዬ።

ወትሮ እንግዳ ሲመጣ ዝምድና ሳናገኝ አንለቅም። በአባቱ ቢጠፋ በእናቱ፣ በእናቱ ቢጠፋ በክርስትና አባቱ አድርገን እናመጣዋለን። ያን ቀን ግን ሰው ሁሉ ዘመድ እንዳይገኝ ይጸልይ ነበር። አራተኛው ቤት ላይ በእናቱ በኩል የደብረ ወርቅ ሰው ተጠራና መሪጌታ ቀጥ አሉ። የበያጁ አያት የደብረ ወርቅ ሰው ናቸው። በያጁ ዓይኑን ጨፈነ፤ ልጅቷ የወንበሯን ጠርዝ ጨብጣ ይዛለች። መሪጌታ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆጠሩ፣ ጣታቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ፣ «የለም፤ ያ ሌላ ነው» አሉና ቀጠሉ። አምስተኛ። ስድስተኛ። ሰባተኛ። ከዚያ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ሰባት ቤት ቆጠርኩ። ከዚህ ጉባኤ ማንንም አይነካም። ባዳ ነው!»

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ወንዶቹ አጨበጨቡ፤ በያጁ ሰውየውን አቅፎ ሳመው። ባዳ ነህ ተብሎ እልል የተባለለት ሰው ከእሱ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ይቀጥል የሚል እጁን ያውጣ ሲባል ሁሉም እጅ ወጣ፤ የነጋዴው መጨረሻ ነበር፣ ግን ወጣ። «በሉ እሺ፣ መጋዘኑን ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ» አለ። ልጅቷ ተቀመጠችና በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

በዚያው ግርግር መሪጌታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «በስምንተኛው ቤት እኔን ይነካኛል» አሉኝ። «ግን ሕጉ ሰባት ነው።»

ነጋዴው አሁን ልቡ ስለረጋ ሰውየውን፣ «ለመሆኑ ከጋሪው ሁሉ ይኸን ለምን መረጥክ?» አለው።

«ለእናቴ ነው። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ደብሯን ከሳመች ሁለት ዓመት አለፋት። ያገኘሁት ጋሪ ሁሉ ከፍ ያለ ነው፤ ተሸክሜ ላውጣት ስል ሰው እያየኝ እንደ ጆንያ አልጫንም ትለኛለች። ሞጣ ላይ አንዲት ሴትዮ ግቢ የቆመ ጋሪ አየች፤ ዶሮዎቹን አባርራ ብቻዋን ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። ሠሪዎቹን ሳላይ አልመርቅም ብላ ይኸው አብራኝ መጥታለች፤ ውጭ ናት።»

ሁላችንም ወጣን። አዲሱ ጋሪ፣ ያ ለናሙና የተሠራው፣ ሰውየው ያመጣው ፈረስ ታስሮበት ደጃፉ ላይ ቆሟል። ነጭ የለበሱ፣ ምርኩዝ የያዙ እናት ነበሩ፤ ማንንም አልጠበቁም። ምርኩዛቸውን ለልጃቸው ሰጡ፣ ብረቱን ያዙ፣ እግራቸውን መርገጫው ላይ አሳረፉ። እኔ እግራቸውን ሳይሆን ጉልበታቸውን ነበር የማየው። የት ላይ እንደሚያማቸው አውቀዋለሁ። አላመማቸውም። ወጡ፣ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ሥራ አስኪያጇ ወደ እኔ እያየች ነበር። ያን ሁሉ ቀን ስወጣና ስወርድ የከረምኩት ለምን እንደነበር ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ። ሰባታችን ለሐዘኔታ የከፈልነው ገንዘብ አላዳነንም ብል ውሸት ይሆናል፤ ሴትዮዋ ያዩት የእኔን ጋሪ ነውና። ያወጣቸው ግን መርገጫው ነው፤ የመርገጫው ልክ ደግሞ የእኔ የታመመ ጉልበት ነው። እንባዬ መጣ፣ አልደበቅሁትም።

እናትየው ሁላችንንም መርቀው ሲያበቁ ከመቀመጫቸው ፈቀቅ አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ፣ እኅቴ? ጉልበትሽን ያምሽ የለ እንዴ? ቦታ አለ፤ ነይ ውጪ» አሉኝ።

በያጁ ሊደግፈኝ እጁን ዘረጋ። ልጅቷ ክንዱን ያዝ አድርጋ አስቀረችው። ብረቱን ያዝኩ፣ እግሬን አሳረፍኩ፣ ብቻዬን ወጣሁ።